ዲግሪው ገባ፣ መጽሐፉ ጠፋ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ነውና ከመነሻው ልጀምር። ስሙን የማልጠራው አንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በ1958 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ ፍለጋ ገባሁ። በጸሐፊው ስም ኮምፒዩተሩን ብጠይቀው «የለም» አለኝ። እኔ ግን ያንኑ መጽሐፍ እዚያው ቤት ተቀምጬ አንብቤው ነበር። ስለዚህ ከሃያ ዓመት በላይ ካርድ ሲጽፉና መጽሐፍ ሲመድቡ ወደማውቃቸው አዛውንት ሄድኩ። ያገኘኋቸው በር ላይ፣ የተማሪ ቦርሳ ሲፈትሹ ነው! ቦታቸው ዲግሪ ላለው ተሰጥቷል።

ችግሬን ስነግራቸው ሳቅ አሉ። «ልጄ፣ በ‹ሰ› ፈልገህ ይሆናል፤ እነሱ በ‹ሠ› ነው የመዘገቡት። እኔ ካርዱን ስጽፍ አንዱን ወደ ሌላው እመራ ነበር። ዓመተ ምሕረቱንም እንደ ፈረንጅ ቆጥረውታል፤ በዘመንም ብትፈልገው አታገኘውም» አሉኝ። እንዳሉትም መጽሐፉ ተገኘ።

አንባቢ ሆይ፣ ዲግሪ ይቅር የሚል እብደት የለብኝም። የቤተ መጻሕፍት ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሜልቪል ዲዊ ኒውዮርክ በሚገኘው ኮሎምቢያ ኮሌጅ የሙያውን ትምህርት ቤት የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው። የአሜሪካ የኮሌጅና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ማኅበርም ለዚህ ሥራ ተገቢው ዲግሪ ማስተርስ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1975 አስታውቋል። የእኛው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990 የአፍሪካ የመረጃ ጥናት ትምህርት ቤትን ከፍቶ በማስተርስ ደረጃ ማስተማር ጀምሯል። ይህ ሁሉ ደግ ነው።

የምቃወመው ወረቀቱ የዕውቀት ምስክር መሆኑ ቀርቶ ዕውቀትን ማስወጫ በትር ሲሆን ነው። ደንቡን በጻፉት ሰዎች አገር እንኳ፣ የዩኒቨርሲቲ ባይሆንም ከዓለም ታላላቅ ቤተ መጻሕፍት አንዱ የሆነውን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2015 የመሩት ጄምስ ቢሊንግተን የታሪክ ምሁር እንጂ የቤተ መጻሕፍት ዲግሪ ባለቤት አልነበሩም። እኛ ግን ቅጠሯን ወስደን ማመዛዘኑን ተውነው።

«ዲግሪው ከላላ የዘመድ አዝማድ በር ይከፈታል» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። መድኃኒቱ ግን ፈተና ነው። በማስታወቂያው ላይ «ወይም በፈተና የተረጋገጠ የረጅም ዘመን ልምድ» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ከዚያ ባለ ዲግሪውም ባለ ልምዱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። ይህን የአማርኛ መጽሐፍ መድብ፤ «ሠ»ንና «ሰ»ን አገናኝ፤ የእኛን ዘመን ከፈረንጁ ለይ፤ ግራ ገብቶት የመጣውን ተማሪ አስተናግድ ይባሉ። ባለ ዲግሪው ካለፈ እሰየው! ካላለፈ ግን ወረቀቱ መጽሐፍ አያገኝልንም።

ቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። እኒያ አዛውንት በቅርቡ ጡረታ ይወጣሉ። በአእምሯቸው የያዙትን ካታሎግ ተቀምጦ የጻፈላቸው ሰው የለም። እስከዚያው ቦርሳ ይፈትሻሉ። ከቤቱ የሚወጣው ትልቁ ንብረት ግን በየትኛውም ተማሪ ቦርሳ ውስጥ የለም፤ ራሳቸው ፈታሹ ናቸው።