“የአባቴን የቡና ብር ኮምፒዩተር ላይ ላውለው ነው”

ከሰሞኑ ደብዳቤዎች አንዱ ከዲላ የመጣ ነው። የፍቅርም የትዳርም ጉዳይ አይደለም፤ የኮምፒዩተር ነው! “ይሄ ደግሞ ምክር አምድ ላይ ምን ያደርጋል?” የምትሉ ትንሽ ታገሡኝ። እኔም ወደ ጎን ላደርገው ብዬ ነበር፤ አንድ መስመር ያዘኝ እንጂ። ጸሐፊው የ23 ዓመት ወጣት ነው። እንዲህ ይላል፦

“እዚህ ዲላ የሠርግና የልደት ቪዲዮ ለሚቀርጹ ሰዎች ኤዲቲንግ እሠራለሁ። እስከ ዛሬ የምሠራው በሰው ኮምፒዩተር ነው። ሁለት ዓመት አጠራቅሜ 45 ሺህ ብር ያዝኩ። ዘንድሮ አባቴ ጀንፈሉን ሲሸጥ 55 ሺህ ጨመረልኝ። ‘ሥራህን ሥራበት’ ነው ያለኝ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ጌምም እወዳለሁ። ሁለት ሞኒተር ያለው የጌም ኮምፒዩተር ማስገጣጠም የልጅነት ምኞቴ ነው። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ዕቃዎቹን መርጦልኛል፤ ቀብድ ላክ እያለኝ ነው። ልላክ?”

ያዘኝ ያልኩት መስመር ያቺ የአባትየው ቃል ናት። የጌዴኦን መሬት ያየ ያውቀዋል። ዩኔስኮ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በመዘገበው በዚያ ምድር እንሰቱም ቡናውም በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ተያይዞ ይበቅላል። እንሰቱ ዓመቱን ሙሉ ቤት ያኖራል፤ ጠቀም ያለ ብር የሚታየው ግን ቡና ሲሸጥ፣ በዓመት አንዴ ነው። ይህ ኮምፒዩተር በሦስተኛው ወር ቢቃጠል “ሌላ ግዛልኝ” የሚባልበት አባት የለም ማለት ነው።

በል ወንድሜ፣ ወደ ዝርዝርህ ልግባ። ጓደኛህ ከ100 ሺው ብር ግማሹን አንድ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ላይ አውሎታል። ፓወር ሰፕላይ በሚለው ቦታ ደግሞ “ከኬዙ ጋር በነፃ የሚመጣ” ብሎ ጽፎልሃል። ዩፒኤስ የሚል ቃል ዝርዝሩ ውስጥ አላየሁም። ጓደኛህ ጌም ያውቃል፤ የዲላን መብራት ግን ረስቶታል!

ይህን የምለው ስለተቃጠልኩ ነው። ከዓመታት በፊት እኔም ኮምፒዩተር አስገጣጥሜ ነበር። ሻጩ “500 ዋት ነው ጋሼ፣ አያሳስብዎት” ብሎ ከኬዙ ጋር መረቀልኝ። በእጄ ስይዘው እንደ ባዶ ጣሳ የቀለለ ነበር፤ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። አንድ ማታ መብራት ሄዶ ተመልሶ ሲመጣ ጧ! አለ። ፓወሩ ብቻውን ቢሄድ ምን ነበረበት? ማዘርቦርዱንና የሁለት ዓመት ጽሑፌን ይዞብኝ ሄደ። ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ሲሞት ብቻውን አይሞትም።

ስለዚህ ምርጫህን ከፓወር ሰፕላይ ጀምር። ስሙ የታወቀ፣ ላዩ ላይ “80 ፕላስ” የሚል ምልክት ያለበት፣ 550 ዋት የሆነ ይበቃሃል። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት ብቻ አትመን፤ ጎኑ ላይ ባለው ሠንጠረዥ የ12 ቮልቱ መስመር ስንት ዋት እንደሚሰጥ እይ። ያ ቁጥር ከትልቁ በጣም ካነሰ ተወው።

ቀጥሎ ዩፒኤስ። “650 ቪኤ” ማለት 650 ዋት ማለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት አይበልጥም። መብራት ሲሄድ ጌም እንድትጨርስበትም አይደለም። የሰው ሠርግ ሴቭ አድርገህ በሰላም እንድታጠፋ ነው። ሙሽሮቹ ዳግመኛ አይዳሩልህም! በነገራችን ላይ የኮምፒዩተሩ ብረት ስትነካው የሚነዝርህ ከሆነ የቤቱ ሶኬት ምድር ሽቦ የለውም ማለት ነውና ከኮምፒዩተሩ በፊት ኤሌክትሪሺያን ጥራ።

አሁን ወደ ግራፊክስ ካርዱ። “አንድ ወር ብቻ የተሠራበት” ተብሏል አይደል? ኢቴሪየም የሚባለው የኮምፒዩተር ገንዘብ መስከረም 2015 ዓ.ም. አሠራሩን ሲለውጥ፣ ቀን ከሌት ገንዘቡን ሲያመርቱ የኖሩ ግራፊክስ ካርዶች በዓለም ዙሪያ ሥራ ፈቱ። ብዙዎቹ ተወልውለው ወደ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ወጡ። የአንተኛው ከነዚያ አንዱ ነው አልልም። ግን ዋስትና የሌለው፣ ሲሠራ ያላየኸው ዕቃ ላይ የአባትህን ግማሽ ቡና ታፈሳለህ?

እኔ አንተን ብሆን ግራፊክስ ካርዱን ለጊዜው እተወዋለሁ። ደነገጥክ? ስማኝ። ራይዘን 5 5600ጂ የሚባል ፕሮሰሰር አለ። 6 ኮር አለው፣ የራሱ ግራፊክስ በውስጡ ተሠርቶለታል፣ የሚበላውም 65 ዋት ገደማ ነው። ጂቲኤ 5ን፣ ዶታ 2ን፣ የኳስ ጌሞችን የምስሉን ጥራት ዝቅ አድርገህ ትጫወትበታለህ። ዘንድሮ የወጡትን ከባባዶቹን አይችልም፤ አልዋሽህም። የሠርግ ቪዲዮህን ግን ይቆርጣል፣ ይቀጥላል። ብር ስትሠራበት ካርዱን በኋላ ትጨምራለህ፤ ያ ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ያን ጊዜም ያገለግልሃል።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ራም ነው። እንዲህ ያለው ፕሮሰሰር ለግራፊክሱ የሚሆነውን ማስታወሻ የሚበደረው ከራሙ ስለሆነ፣ አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ከመግዛት ሁለት ባለ 8 መግዛት ይሻላል፤ ልዩነቱ ጌም ላይ በዓይን ይታያል። ሁለተኛው ወጥመድ አንዲት ፊደል ናት። የኢንቴል ፕሮሰሰር ስሙ መጨረሻ ላይ “ኤፍ” ካለበት፣ ለምሳሌ 12400ኤፍ፣ በውስጡ ግራፊክስ የለውም። ያለ ካርድ ከገዛኸው ሞኒተሩ ጨለማ ነው። ሻጭ “ረከሰልህ” ሲልህ መጀመሪያ ያቺን ፊደል ፈልግ።

ሁለቱ ሞኒተሮች ጋ እንምጣ፤ ምኞትህ እዚያ ነው አይደል? ሁለተኛው ሞኒተር አንተ እንደምትፈራው ኮምፒዩተሩን አያደክምም። ጌሙ አንዱ ላይ ይሄዳል፤ ሌላው ላይ ሙዚቃህ ወይም ቴሌግራምህ ቢቀመጥ ጭነቱ ትንሽ ነው። ለኤዲቲንግማ በረከት ነው፤ አንዱ ላይ ምስሉ፣ ሌላው ላይ የምትቆራርጠው መስመር። አንድ ጌም በሁለቱ ላይ ልዘርጋ ብትል ግን የሞኒተሮቹ ጠርዝ ልክ መሐል ላይ፣ የምታነጣጥርበት ቦታ ላይ ይገተርብሃል። ለዚያ ሰዎች ሦስት የሚገዙት ወድደው አይደለም።

ስለዚህ ሁለቱን እኩል አትግዛ። አንዱን አዲስ፣ 24 ኢንች፣ ፉል ኤችዲ ግዛ። ሁለተኛው ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ቢሆንም አይከፋም። ብቻ ማዘርቦርዱን ከመክፈልህ በፊት አዙረህ ጀርባውን እይ፤ ሁለት የሞኒተር መሰኪያ አለው? አንዳንዱ ርካሽ ቦርድ ኤችዲኤምአይና ቪጂኤ አለው፣ ለአሮጌ ሞኒተር እንዲያውም ይመቻል። አንድ ብቻ ያለውም አለ፤ እሱን ከገዛህ ሁለተኛው ሞኒተር ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ኋላ ግራፊክስ ካርድ ስትጨምር ደግሞ ሁለቱንም ገመድ ካርዱ ላይ ሰካ። “ካርድ ገዝቼ ለውጥ የለውም” እያሉ የሚያማርሩ ሰዎች ገመዳቸው ማዘርቦርዱ ላይ ሆኖ ይገኛል።

የዕቃ ዋጋ አልጻፍኩም፤ ሆን ብዬ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ ባሕርይው ተለውጧል። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ስለተሻሙት የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ተሰቀለ። በዚህ የተነሳ ብሩ ካልበቃህ ከቢሮ የወጣ ሙሉ ኮምፒዩተር ገዝቶ መጀመርም ያስኬዳል። ግን ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ በታች አትውረድ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከዚያ በታች ያሉትን በይፋ አይቀበልም። ትንንሾቹን ቀጫጭን ኬዞችም ተዋቸው፤ ፓወር ሰፕላያቸው የራሳቸው ቅርጽ ስላለው ሲበላሽ ከሱቅ የገዛኸው አይገጥምላቸውም።

አንድ ያልጠየቅከኝን ልበል። ጌሙን ለአባትህ ንገራቸው። “ሥራህን ሥራበት” ያሉ ሰው አንድ ማታ መጥተው ስትጫወት ቢያዩህ የሚሰማቸውን አስበው። “ቀን እሠራበታለሁ፣ ማታ እጫወትበታለሁ” ማለት ምን ያሳፍራል? እንዲያውም የመጀመሪያውን ሠርግ ሠርተህ ስትጨርስ በትልቁ ሞኒተር አሳያቸው።

ቀብዱን አትላክ። ዲላ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የአንድ ቀን መንገድ ነውና ራስህ ሂድ። ሱቁ ውስጥ አስገጥመህ፣ ሁለቱንም ሞኒተሮች አብርተህ፣ ግማሽ ሰዓት አንድ ጌም አስኪደህ፣ የዋስትና ወረቀቱን ተቀብለህ ክፈል። ስትመለስ ኮምፒዩተሩን ከአውቶቡሱ ጣራ ላይ እንዳታስጭነው፤ ሞኒተሮቹንም በካርቶናቸው ከእግርህ ሥር ያዛቸው።