ተማሪና ቀጥቃጭ በአንድ ጠረጴዛ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በጥቅምት ወር የተጓዘ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያየው በቆሎ ነው። ያን ሁሉ መሬት ያረሰው ገበሬ ሞፈሩንና ቀንበሩን ራሱ ይጠርብ ይሆናል፤ ማረሻውን ግን ከቀጥቃጭ ነው የሚገዛው። ያለ ቀጥቃጭ እርሻ የለም። ሆኖም ያው ገበሬ ልጁን ለቀጥቃጩ ልጅ አይድርም፤ ቀጥቃጩ ዞር ሲል «ቡዳ» ይለዋል። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከከለከሉ፣ ከ1900 ዓ.ም. ወዲህ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። ስድቡ ግን ከአዋጁ ይልቅ ዕድሜ አገኘ።

ስለ ሮቦት ቡድን ልጽፍ ተነሥቼ ከማረሻ መጀመሬ ነገር ማርዘም ለሚመስለው አንባቢ ጥቂት ይታገሠኝ እላለሁ።

በምዕራብ ጎጃም ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስማር ስምንት ሆነን የሮቦት ቡድን አቋቁመን ነበር። ለትምህርት ቤቱ በእርዳታ የመጣ አንድ ሣጥን ሙሉ ዕቃ ነበረ፤ ቁልፉ ግን የሚወጣው ጎብኚ ሲመጣ ብቻ ነው። «ትሰብሩታላችሁ» ተባልን። ልመናችን አንድ መንፈቅ ፈጀ። በመጨረሻ የተሰጠን አርዱዊኖ የሚባል ትንሽ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ፣ ሁለት የብርሃን ሴንሰር፣ ሞተር የሚያዝ ሰርኪትና ጥቂት ሽቦ ነበር። ሞተሮቹን ከተሰበረ የልጆች መጫወቻ መኪና ፈታን፤ ጎማውን ከአሮጌ ከመነዳሪ ቆረጥን።

ሥራው ለአፍ ቀላል ነው፤ በነጭ ወለል ላይ የተሰመረውን ጥቁር መሥመር እየተከተለች የምትሄድ መኪና መሥራት። ነጭ ብርሃንን ይመልሳል፤ ጥቁር ይውጠዋል። ሴንሰሩ ይህን ልዩነት ይለካል። የግራው ሴንሰር ጥቁሩን ሲያገኝ የግራው ጎማ ይቆማል፤ መኪናዋም ወደ ግራ ትታጠፋለች። ጠዋት እንዲሁ አደረገች። እኩለ ቀን ላይ ግን መሥመሩን ጥላ ግድግዳ ትገጭ ጀመር። ፕሮግራሙን የጻፍነው እኔና የክፍላችን አንደኛ ነበርን፤ ደብተራችንን ደጋግመን መረመርን፤ ስሕተት አጣንበት።

ምክንያቱን ያገኘው ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው፣ በደረጃ ስሙ ተጠርቶ የማያውቀው የቀጥቃጭ ልጅ ነው። ምንም ሳይናገር እጁን በሴንሰሩ ላይ ጋረደ፤ መኪናዋ ተስተካከለች። ለካ በመስኮት የሚገባው የፀሐይ ብርሃን ሴንሰሩን ያሳስተው ኖሯል! በማግሥቱ አባቱ ቤት ከቆርቆሮ የተቀጠቀጠ ጥላ ሠርቶ አመጣልን። «እነሱ ቤት ውኃ እንኳ እንዳትጠጣ» ተብዬ ያደግሁት እኔ ያን ቀን አፈርሁ።

እንግዲህ የሮቦት ቡድን ለገጠር ትምህርት ቤት ያስፈልጋል የምለው ስለ መኪናዋ አይደለም። የሚያስብ ራስና የሚሠራ እጅ ለብዙ ዘመን ተለያይተው በኖሩበት አገር፣ ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ የሚያስቀምጥ ሌላ ትምህርት ስላላየሁ ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 845 ሺህ ያህል ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። ይህ ሁሉ ልጅ ሰነፍ ነበርን? በቃል ማጥናትን ከመረዳት ለይቶ ያሳየው ሰው ስላልነበረ እንጂ! ሮቦት በቃል አይታለልም። ካልገባህ አይሄድልህም፤ ሲሄድም ለምን እንደ ሄደ ታውቃለህ።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ወንበርና መጽሐፍ በሌለበት ሮቦት ቅንጦት ነው፤ ከእጅ አይሻል ዶማ» ይሉኛል። እስቲ ቡሬን ይመልከቱ። የፊቤላ የዘይት ፋብሪካና የተቀናጀ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. ተመርቀዋል። በዚህ ዘመን ፋብሪካ ሙቀትን የሚለካ ሴንሰርና ሞተርን የሚያዝ መቆጣጠሪያ አይጠፋም፤ መሠረተ ሐሳቡም ከእኛ መኪና ጋር አንድ ነው። የገበሬው ልጅ በፋብሪካው በር ዘበኛ ወይም ጫኝ ብቻ ሆኖ ይቅር ካላልን፣ መጀመሪያ የሚማርበት ቦታ ይኑረው።

ሌሎች ደግሞ ከባዱን ያነሣሉ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን በተነሣው ጦርነት ሚሊዮኖች ልጆች ከትምህርት ገበታ ተለዩ፤ ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። ስሟ የሰላም መንገድ ማለት የሆነው ፍኖተ ሰላምም ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከአየር በወረደ ጥቃት ልጆቿን ቀበረች። በእንዲህ ያለ ሐዘን መካከል ስለ ሮቦት ማውራት ቅብጠት አይደለምን? ሰላም ሳይኖር ትምህርት ይቃናል የሚል ሞኝ አይደለሁም። ነገር ግን በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በዋሽንግተን ለተደረገው የዓለም ወጣቶች የሮቦት ውድድር የመጡት አፍጋናውያት ልጃገረዶች ከሄራት ነበሩ፤ ከጦርነት አገር። ቪዛ ሁለት ጊዜ ተከልክለው በኋላ ገቡ፤ በብርታታቸውም የብር ሜዳልያ ተሸለሙ። አርዱዊኖም ቢሆን ፕሮግራሙ አንድ ጊዜ ኮምፒዩተር ላይ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም።

ታዲያ ከእኛ ምን ይጠበቃል? በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት ሙሉ በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ አስተምረዋል። እነርሱ ዓመት ከሰጡ፣ እኛ መንገዱ ሰላም በሆነበት ቦታ ሁሉ ከክረምት ዕረፍታችን ሁለት ሳምንት መስጠት ያቅተናልን? የተበላሸ ፕሪንተርና የተጣለ መጫወቻ በየመኝታ ክፍላችን ጥግ ሞልቷል፤ እርሱን ሰብስበን እንሂድ። ቡድን ስናቋቁም ግን አንደኛ የወጡትን ብቻ አንምረጥ። የቀጥቃጩን ልጅ፣ የሸማኔውን ልጅ፣ የሸክላ ሠሪዋን ልጅ ከኋላ ወንበር እንጥራ። ለየርእሰ መምህሩም በትሕትና፣ ነገር ግን ሳንሰለች፣ አንድ ነገር እንበል፦ የተሰበረ ዕቃ ይጠገናል፤ የተቆለፈበት ልጅ ግን ያልፍበታል። ሣጥኑ ይከፈት!