ገብስ ጭኖ የወረደው መኪና ባዶውን አይመለስ!

በደባርቅና በዳባት ጠላ ጠምቃ አተላውን ሜዳ ላይ የምትደፋ ሴት ፈልጋችሁ አታገኙም። ወይ ለራሷ ላም ነው፣ ወይ ለጎረቤት። ይህንኑ ነገር ዛሬ ባለሙያዎቻችን በየሆቴሉ አዳራሽ «ሰርኩላር ኢኮኖሚ» እያሉ ይተነትኑታል፤ ከነአበሉ! ስሙ ይቆየንና ወደ ሥራው እንምጣ።

የሰሜን ተራሮች ግርጌ የገብስ አገር ነው። የቢራ ገብስ ከወገራ፣ ከዳባትና ከደባርቅ ይወርዳል፤ ጎንደር ላይ ብቅል ፋብሪካውም ዳሸን ቢራም አሉ። ጠጪው ይጠጣል፣ መንግሥት ቀረጡን ይሰበስባል። ተረፈ ምርቱስ? 100 ሊትር ቢራ ሲጠመቅ 20 ኪሎ ያህል እርጥብ አተላ ይተርፋል። ደህና መኖ ነው፤ የአዲስ አበባ የወተት ላም አርቢዎች ከቢራ ፋብሪካ እየገዙ ሲያበሉ ኖረዋል።

«እንግዲያው ወደ ደባርቅም ይጫን» የሚል አይጠፋም። እኔ በዚህ አልስማማም። ከአተላው ሦስት አራተኛው ውሃ ነው፤ በጥቂት ቀን ይበላሻል። 100 ኪሎ ሜትር አቀበት ውሃ መጫን ከነዳጅ ሻጩ በቀር ማንን ይጠቅማል? እርጥቡ እዚያው ለጎንደር ዙሪያ ይሁን። ደባርቅ የሚያዋጣት ደረቁ ነው፤ ገብሱ ሲበቅል የሚያወጣው ሥርና በወንፊት የሚወድቀው የቀጨጨ ፍሬ። ከ100 ኪሎ ብቅል ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሥር ይራገፋል። ፕሮቲኑ የገብሱን እጥፍ ያህላል፣ በጆንያ ተከምሮ ይቆያል፣ ከገለባ ጋር ተደባልቆ ይበላል።

መጫኛውስ? ገብስ ለማምጣት ወደ ላይ የሚወጣው መኪና አለ አይደል እንዴ! የገበሬዎቹ ማኅበራት ገብስ ሲያስረክቡ፣ ደረቁን ተረፈ ምርት በቅናሽ መልሰው የመጫን መብት በውሉ ይጻፍላቸው። ለአባሎቻቸውም ለከተማው ላም አርቢም ሸጠው ትርፉን ይካፈሉ። ችሮታ አይደለም፤ ገብሱ የእነሱ ነበር።

ነገሩ ደግሞ የወተት ብቻ አይደለም። ሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1996 በዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ ሲሰፍር ግጦሽና እርሻ ከምክንያቶቹ ውስጥ ነበሩ፤ የወጣውም በ2017 ነው። ከዚያ በፊት በ2016 የግጭ ነዋሪዎች ከፓርኩ ተነስተው ደባርቅ ሰፈሩ። ጨነቅ ላይ የዋሊያውን ሣር የከብት መንጋ አይንካው ማለት ደግ ነው። ታዲያ ገበሬው ላሚቱን ምን ያብላት? አዋጅ? ለመከልከል ዘበኛ የሚቀጥር መንግሥት፣ ለመኖ አንድ ውል ማስፈረም እንዴት ይከብደዋል?

አጨዳ ደርሶ መኪኖቹ መውጣት ሳይጀምሩ፣ ፋብሪካውና ማኅበራቱ ቁጭ ብለው ይነጋገሩ። የተስማሙበትን ዋጋም ገበሬው እንዲያየው በየቀበሌው ይለጥፉት።