ምላሽ መጣ ማለት ሥራው ተፈጸመ ማለት አይደለም

በጅማ ከተማ ጊንጆ ጉዱሩ ቀበሌ የሚኖር አንድ ተማሪ፣ ቡና ለሚያስረክቡ ገበሬዎች ክፍያ የሚልክ ፕሮግራም ጻፈ እንበል። ፕሮግራሙ የክፍያ ትእዛዙን በኢንተርኔት አማካይነት ወደ ክፍያ አገልግሎቱ ሰርቨር እንደላከ ኔትወርኩ ተቋረጠ፤ ምላሽም አልመጣም። ለመሆኑ ገንዘቡ ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም?

ብዙ ጀማሪዎች ምላሽ ከመጣ ሥራው ተሳክቷል፣ ካልመጣ ደግሞ ከሽፏል ብለው ያልፋሉ። እኛ ግን ሁለቱም ድምዳሜዎች ስሕተት ናቸው እንላለን።

ኤችቲቲፒ በተባለው የመግባቢያ ሥርዓት እያንዳንዱ ምላሽ ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ይዞ ይመጣል። በ2 የሚጀምር ቁጥር ጥያቄው መስተናገዱን፣ በ4 የሚጀምር ስሕተቱ በጠያቂው ወገን መሆኑን፣ በ5 የሚጀምር ደግሞ ሰርቨሩ ራሱ መቸገሩን ያመለክታል። ይሁንና በፓይተን የሚሠሩ ሰዎች የሚያዘወትሩት ሪኩዌስትስም ሆነ የጃቫስክሪፕቱ ፌች፣ 404 ወይም 500 ሲመጣ በራሳቸው ሥራውን አያስቆሙም፤ ቁጥሩን መመርመር የፕሮግራሙ ጸሐፊ ፋንታ ነው። ሪኩዌስትስ የጊዜ ገደብ ካልተሰጠው ደግሞ ምላሽ ሲጠብቅ ያለ ልክ ሊቆይ ይችላል። ከዚህም በላይ አንዳንድ አገልግሎቶች በ200 ቁጥር ሥር «ክፍያው አልተሳካም» የሚል መልእክት ስለሚልኩ የምላሹም ይዘት መነበብ አለበት።

ዝምታስ? በፊዚክስ ላቦራቶሪ መሣሪያው ንባብ ሳይሰጥ ሲቀር «ዜሮ» ብለን አንመዘግብም፤ «ንባብ የለም» እንላለን እንጂ። የምላሽ መቅረትም እንዲሁ ነው። ትእዛዙ በመንገድ ጠፍቶ ይሆናል፤ አለበለዚያም ክፍያው ተፈጽሞ ምላሹ ብቻ ጠፍቶ ይሆናል። በጭፍን ደግሞ የሚልክ ፕሮግራም አንዱን ገበሬ ሁለት ጊዜ ሊከፍል፣ በጭፍን የሚተውም ለፍቶ ያመረተውን ሰው ባዶ እጁን ሊያስቀር ይችላል። በመሆኑም ፕሮግራሙ «አልተረጋገጠም» ብሎ መመዝገብና የክፍያውን ሁኔታ መጠየቅ ይገባዋል። ትእዛዙን መድገም ካስፈለገም አስቀድሞ በተሰጠው ልዩ መለያ ቁጥር ይላክ፤ ይህን አሠራር የሚከተል ሰርቨር ያንኑ ቁጥር ዳግመኛ ሲያይ ሁለተኛ አይከፍልም።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በደረሰ ችግር፣ በርካታ ተማሪዎችን ጨምሮ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣታቸውና ማስተላለፋቸው ይታወሳል። ባንኩ የተወሰደው ገንዘብ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን፣ መንስኤውም የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገልጾ ነበር። ይህን የምናነሣው የችግሩ ምንጭ ኤችቲቲፒ ነበር ለማለት አይደለም፤ ማሽኑ «እሺ» ስላለ ብቻ ነገሩ ትክክል ነው የሚለው አስተሳሰብ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል በግልጽ ስላሳየን እንጂ።

ውድ ተማሪዎች፣ ፕሮግራማችሁ ሁሉ ነገር በተቃናበት ሰዓት መሥራቱ አያርካችሁ። መምህራንም ሥራውን ሲያርሙ የኔትወርኩን ገመድ ነቅለው ፕሮግራሙ ምን እንደሚል ይመልከቱ እንላለን። ኔትወርክና መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ የሚማር ሰው ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ላቦራቶሪው ደጃፉ ላይ ነው። ያላወቀውን «አላወቅሁም» የሚል ፕሮግራም የሰው ገንዘብ ሊታመንበት ይችላል።