የሰፈራችንን ካርታ እኛው እንሥራ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ካርታ ነው።

ክፍላችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የኢትዮጵያ ካርታ ታውቁታላችሁ። ሲዳማ ክልል የሆነው በ2012 ዓ.ም. ነው፤ እዚያ ካርታ ላይ ግን እስከ ዛሬ የለም። ወረቀት አንዴ ከታተመ አለቀ፣ ራሱን አያርምም። የስልክ ካርታ ግን ከሳተላይት በተነሣ ፎቶ ይሠራል፣ በየጊዜውም ይታደሳል። በዚያው በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ሀገራችንም የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና አምጥቃለች።

ስለዚህ አንዳንድ ተማሪዎች «ስልክ እያለ ካርታ መማር ምን ያደርጋል?» ይላሉ። እኔ ግን አልስማማም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ባለፈው ክረምት አያቴ ሌሊት ታመመችብን። ወደ ሐኪም ቤት ልንወስዳት መኪና ጠራን። ሾፌሩ የስልኩን ካርታ ተከትሎ መጣና «ደርሻለሁ፣ የት ናችሁ?» ብሎ ደወለ። ለካ ያለው ከወንዙ ማዶ ነው! ካርታው ላይ ሲታይ ከቤታችን በጣም ቅርብ ነው፤ ግን እዚያ ጋ ድልድይ የለም እኮ። እናቴ «ተመለስና በወፍጮ ቤቱ ታጠፍ፣ ከዋርካው ዝቅ በል» አለችው። ስልኩ ወፍጮ ቤቱንም ዋርካውንም አያውቅም። በመጨረሻ እኔ ባትሪ ይዤ እስከ አስፋልቱ ሮጬ አመጣሁት። አያቴ እግዚአብሔር ይመስገን ድናለች፤ ያ ግማሽ ሰዓት ግን አይረሳኝም።

ከዚያ ወዲህ ሳስበው ፎቶ ከላይ ሆኖ የሚያየው ጣሪያ ነው። ቆርቆሮው የጤና ኬላ ይሁን የእህል መጋዘን የሚያውቀው የሰፈሩ ሰው ብቻ ነው። ደግሞ ኦፕን ስትሪት ማፕ በሚባለው ካርታ ላይ ማንም ሰው የጎደለውን መጨመር ይችላል። ግን አቅጣጫ፣ መስፈርትና የካርታ ቁልፍ የማያውቅ ሰው ምን ሊጨምር ይችላል? ተሳስቶ ሌላውን ሰው ወንዝ ማዶ ነው የሚያደርሰው።

የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ክበባችን ቅዳሜ ቅዳሜ በሰፈራችን ይዙር። ድልድዩን፣ ምንጩን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ጤና ኬላውን በወረቀት እንሣል፤ ስማቸውን አባቶችንና እናቶችን እንጠይቅ። የሰው ስምና ስልክ ቁጥር አንጽፍም። ከዚያ በመምህራችን እርዳታ ስልኩ ላይ እናስገባው። ወረቀቱንም ግድግዳ ላይ እንለጥፈው፣ መብራት ሲጠፋም ይነበባል።

ሌላ ሰው አያት ስትታመም ሾፌሩ በቀጥታ ይምጣ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? መልሳችሁን ለክበቡ ጻፉልን።

ከ7ኛ ክፍል