ከሮቤ ሰማይ በላይ የሚፈሰው

ሰኞ ማታ የጎረቤቴ ልጅ ደብተሩን ደረቱ ላይ አቅፎ መጣ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ገና ሳይቀመጥ «ጋሼ፣ ሳይንቲስቶቹ ይዋሹናል እንዴ?» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊዚክስ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ «ስለ ሕዋ ስንማር ሁሌ ስበት ስበት ነው፤ ኤሌክትሪክ እዚያ ሥራ የለውም ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። መምህሩ «ፈተና ላይ የማይመጣ ነገር አታምጣብን» ብለው አስቀመጡት፤ ክፍሉ ሳቀበት። ማታ ስልኩን ሲከፍት አንድ ቪዲዮ መልሱን ይዞ ጠበቀው። ከዋክብት ከውጭ በሚመጣ ኤሌክትሪክ የሚበሩ አምፖሎች ናቸው፣ የጽንፈ ዓለም መጀመሪያ ነው የሚባለው ቢግ ባንግ ማጭበርበር ነው፣ እውነቱ ተደብቋል ይላል።

ሁለቱም አናደውኛል፤ የመጀመሪያው ግን ይብሳል። ቪዲዮው ልጁን ያገኘው ክፍሉ ስላባረረው ነው። ጥያቄ ማባረር ስለሚባለው አመላችን ስንት ጊዜ እንደጻፍኩ የዚህ ዓምድ ወዳጆች ታውቃላችሁ። ዛሬ የተመለስኩበት ጠያቂው የሲናና ልጅ ስለሆነ ነው። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ከኛ አገር የተሻለ ቦታ ጥቂት ነው።

ከሮቤ እስከ ሶፍ ዑመር ዋሻ ያለውን መንገድ ሽቅብ አቁሙት። ጫፉ የሚደርሰው መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ አየሩ እጅግ ስስ ነው፤ የፀሐይ ጨረር ኤሌክትሮኖቹን እየነጠለ ኤሌክትሪክ እንዲያሳልፍ ያደርገዋል። የምድር ማግኔት ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ በሚተኛበት መስመር፣ በማግኔት ወገብ ላይ፣ በዚህ አየር ውስጥ የሚፈሰው የኤሌክትሪክ ጅረት ከመስመሩ ግራና ቀኝ ይልቅ ይበረታል። መስመሩ ደግሞ ኬንያን ከሚያቋርጠው ከተለመደው የምድር ወገብ ርቆ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። ስለዚህ ስንዴያችን ላይ ፀሐይ ስታርፍ ብዙውን ጊዜ ከላዩ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ኤሌክትሪክ ይፈሳል፤ የሚበረታውም ወደ እኩለ ቀን ነው። ኢኳቶሪያል ኤሌክትሮጄት ይባላል። ኤሌክትሪክ ሕዋ ውስጥ ሥራ አለው ወይ ላለ ልጅ መልሱ አናቱ ላይ ነበር።

ስሙን እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣለት እንግሊዛዊው ሲድኒ ቻፕማን ነው። የዚህ ሰው ነገር ሁልጊዜ ያሳስበኛል። ኖርዌያዊው ክርስቲያን ቢርክላንድ በ1908 የሰሜኑን የሰማይ ብርሃን የሚያበራው ከሕዋ በማግኔት መስመሮች ላይ ቁልቁል የሚወርድ ኤሌክትሪክ ነው ብሎ ነበር። ቻፕማን አልተቀበለውም፤ ጅረቱ እዚያው ላይኛው አየር ውስጥ ይዞራል እንጂ ከውጭ አይመጣም አለ። ሒሳቡ ያማረ፣ ስሙም የገነነ ስለነበር ቢርክላንድ በ1917 ከሞተ በኋላ ሐሳቡ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ወደ ዳር ተገፋ። ስዊድናዊው ሐነስ አልቬን ሐሳቡን አንሥቶ በ1939 ለአንድ የአሜሪካ መጽሔት ጽሑፍ ቢልክ መለሱበት፤ አገሩ ላይ አሳተመው። በ1966 ግን ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የምትበር ሳተላይት የተሸከመችው ማግኔት መለኪያ የዚያን ጅረት ምልክት አገኘ። ዛሬ የቢርክላንድ ጅረት ይባላል። አልቬንም በ1970 ኖቤል ተሸለመ።

ቻፕማንን ክፉ ሰው ላደርገው አልፈልግም። ከ1957 እስከ 1958 የተካሄደውን ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት የመራው እሱ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በአባ ፒየር ጉዋን የተመራው ጣቢያ የምድርን ማግኔት መመዝገብ የጀመረውም በዚያው ዘመቻ፣ በ1958 ነው። እኛ አናት ላይ የሚፈሰውን በራሳችን አገር መለካት የጀመርነው በዚያ ዓመት ነው።

የቪዲዮዎቹ ሰዎች የቢርክላንድን ታሪክ ይወዱታል። እሱንም ገፍተውት ነበር፣ እኛንም ገፉን፣ ስለዚህ እውነቱ እኛ ጋ ነው ይላሉ። ቢርክላንድን ያስከበረው መገፋቱ አይደለም፤ መሣሪያ ወጥቶ የተናገረውን ማግኘቱ ነው። አልቬን ራሱ ቢግ ባንግን አልተቀበለም፤ ጽንፈ ዓለሙን ኤሌክትሮን በተነጠለበት ጋዝ፣ በፕላዝማ፣ እና በማግኔት ሊያስረዳ ሞክሯል። በ1965 ግን ከሰማይ አቅጣጫ ሁሉ በእኩልነት የሚመጣው ደካማ ጨረር ተገኘ፤ በ1989 የመጠቀችው ኮቤ ሳተላይት በጥንቃቄ ስትለካውም ቢግ ባንግ እንደሚጠብቀው ሆኖ ተገኘ። የአልቬን ሐሳብ ያን ጨረር ማስረዳት አልቻለም። ስለ አምፖሏ ፀሐይ ደግሞ፣ ጣሊያን ተራራ ሥር የነበረው ቦሬክሲኖ የተባለ መሣሪያ በ2014 ሃይድሮጅን ፀሐይ እምብርት ላይ ሲዋሐድ የሚወጡትን ኒውትሪኖ የሚባሉ ቅንጣቶች ለክቷል። ከውጭ የሚበራ አምፖል ይህን አይልክም።

ይህን ሁሉ ስነግረው ልጁ በትሕትና አዳመጠኝ። ዓይኑ የበራው ግን መርፌ ስናወጣ ነው። የእናቱን የልብስ መርፌ ወገቧን በቀጭን ክር አስረን ሚዛኗን እስክትጠብቅ አስተካከልናት፤ ክሩ እንዳይንሸራተት ጠብታ ሰም አደረግንበት። ከዚያ ከተሰበረ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ላይ ባወጣነው ማግኔት በአንድ አቅጣጫ ደጋግመን አሸናት፤ መልሰን ሰቀልናት። ወዲያ ወዲህ ብላ ሰሜንና ደቡብን ያዘች፤ እንደ ጣሪያ ማገርም ተጋደመች። ኖርዌይ ብንሆን ኖሮ ጫፏ ቁልቁል ወደ መሬት ይደፋ ነበር። ልጁ ጉንጩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ብዙ አያት።

«ታዲያ ጋሼ፣ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ጅረቱ ሲበረታ ትነቃነቃለች?»

አትነቃነቅም አልኩት። የጅረቱ ማግኔት ከምድር ማግኔት ጋር ሲነጻጸር ከጥቂት መቶዎች አንድ እጅ ነው፤ ክርና መርፌ ያን አይሰሙም፣ ማግኔቶሜትር የሚባል ማግኔት መለኪያ ይፈልጋል። ይህን ጊዜ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ኮምፓስ ያለው ስልክ ማግኔት መለኪያ ውስጡ አለ። ያንኑ ቪዲዮ ያመጣለት ስልክ ነው።

ከማክሰኞ ጀምሮ ስልኩን ጓሮ ካለው የእንጨት በርጩማ ላይ፣ ከቆርቆሮና ከብረት አርቆ፣ በአንድ አቅጣጫ እያስቀመጠ ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ማታ ቁጥሩን ይጽፋል። የስልኩ የራሱ መዋዠቅ ከሚፈልገው ለውጥ ሊበልጥ እንደሚችል ነግሬዋለሁ። ትናንት ደብተሩን አሳየኝ፤ ሦስት ቀን ሞልቷል፤ የእኩለ ቀኑ ቁጥር ከሌሎቹ አልተለየም። ከጎኑ በእስክሪብቶ «መሣሪያው ወይስ ጅረቱ?» ብሎ ጽፎበታል።