ልጅ ይታገል፣ ጭንቅላቱ ግን አይመታ

የፍልሚያ ስፖርት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ጁዶና ትግል ይዞ የመጣል ጨዋታዎች ናቸው። ካራቴና ቴኳንዶ በእጅና በእግር መምታትን ያስተምራሉ፤ ምቱ ምን ያህል እንደሚያርፍ ግን በየስልቱና በየአሠልጣኙ ይለያያል። ቦክስ፣ ኪክቦክሲንግና የታይ ቦክስ ደግሞ ተጋጣሚን መትቶ መዘረርን እንደ ድል ይቆጥራሉ። በእስራኤል ከተሞች፣ በቂርያት መላኪ፣ በገዴራና በያቭኔ ልጁን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለሁግ (ለትርፍ ጊዜ ሥልጠና) የሚያስመዘግብ ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ ሰዓቱን፣ ዋጋውንና የማትናሱን (የማኅበረሰብ ማዕከሉን) ቅርበት ነው የሚጠይቀው። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ እዚህ ቦታ የልጁ ጭንቅላት ይመታል ወይስ አይመታም?

ወላጆችን ወደ ምንጣፉ የሚስበው ነገር ግልጽ ነው። የገዴራ ተወላጇ አቪሻግ ሴምበርግ ጁላይ 24 ቀን 2021 በቶኪዮ ኦሎምፒክ በ49 ኪሎ ግራም የቴኳንዶ ነሐስ ስትወስድ ገና 19 ዓመቷ ነበር። እስራኤል በቴኳንዶ የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ስታገኝ ያ የመጀመሪያዋ ነው። ጁዶማ ከዚያ በፊት የአገር ስፖርት ሆኗል። አገሪቱ በታሪኳ የመጀመሪያዎቹን የኦሎምፒክ ሜዳሊያዎች ያገኘችው በ1992 በባርሴሎና፣ ያኤል አራድ በብር፣ በማግሥቱም ኦሬን ስማጃ በነሐስ ነው፤ ሁለቱም ጁዶኞች ናቸው። በፓሪስ 2024ም ኢንባር ላኒርና ራዝ ሄርሽኮ ብር፣ ፒተር ፓልቺክ ነሐስ ወስደዋል። ይህን እያየ ያደገ ልጅ ቀበቶ መታጠቅ ቢመኝ ተገቢ ነው።

ለቤተ እስራኤል ቤተሰብም ፍልሚያ እንግዳ ነገር አይደለም። በጎንደር ገጠር ከብት የሚጠብቁ ልጆች መስክ ላይ ትግል ይገጥማሉ። ሕጉ አጭር ነው፦ ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ፤ ቡጢ የለም፣ ርግጫ የለም። ተጋጣሚው እኩያ መሆን አለበት፤ ታናሹን የጣለ ልጅ አይመሰገንም። ከዳር ቆሞ «በቃ፣ ልቀቀው» የሚል ታላቅም አይጠፋም። ትግል ዛሬም በኢትዮጵያ ከገና ጨዋታና ከፈረስ ጉግስ ጋር ከባህል ስፖርቶች ተቆጥሮ ውድድር ይደረግበታል። እነዚያ እረኞች ያለ አሠልጣኝና ያለ ፌዴሬሽን የጠበቁት ሥርዓት፣ ማለትም ለስላሳ መሬት፣ እኩያ ተጋጣሚ፣ የማይመታ ጭንቅላትና የሚገላግል ታላቅ፣ ዛሬ በየከተማው የሚከፈቱት ክለቦች ሁሉም የሚያሟሉት አይደለም።

ጥሩ የጁዶ ሁግ በመውደቅ ይጀምራል። ልጁ ታታሚው (የጁዶው ምንጣፍ) ላይ ቁጢጥ ይላል፤ አገጩን ወደ ደረቱ ሰብስቦ የቀበቶውን ቋጠሮ እያየ ወደ ኋላ ይንከባለላል፤ ጀርባው ምንጣፉን ሲነካ ሁለቱን ክንዶቹን ከጎኑ ዘርግቶ በመዳፉ ምንጣፉን ጧ ያደርጋል። ቋጠሮውን እይ የሚባለው በምክንያት ነው። ዓይኑ ቋጠሮው ላይ ካለ አንገቱ ወደ ፊት ይጎብጣል፣ ማጅራቱና የራስ ቅሉ ኋላም መሬት አይነካም። በመዳፉ የሚመታው ደግሞ የውድቀቱ ኃይል በአንድ ቦታ እንዳይከማች ነው። ከዚያ ተነሥቶ ይደግመዋል፤ ከቁጢጥ ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ቁመት ያድጋል። ሌላ ልጅ እንዲጥለው የሚፈቀደው ይህ ሰውነቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ስድስትና ሰባት ዓመት ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት ጥሩ ዕድሜ ነው፤ ልጁ ትእዛዝ ይሰማል፣ ተራ ይጠብቃል፣ ሰውነቱም ይታዘዘዋል። ከብስክሌት ወይም ከደረጃ ሲወድቅም የሚጠቅመው ይኸው ትምህርት ነው። ከዚያ በታች ላለው ሕፃን መንከባለልና መሯሯጥ ይበቃዋል።

ጭንቅላት የሚመታበት ስፖርት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የልጅ ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ትልቅ፣ የአንገቱ ጡንቻ ደግሞ ገና ደካማ ነው። ምት ሲያርፍበት ጭንቅላቱ በፍጥነት ይዞራል፤ አንጎሉም በራስ ቅሉ ውስጥ ይናጣል። የራስ መከላከያው ቆብ መቆረጥንና መላላጥን ይቀንሳል፤ አንጎል ከመናጥ እንደሚያድን ግን አልተረጋገጠም። ስለዚህ «ቆብ አድርጓል» የሚለው መልስ ወላጅን ሊያሳምን አይገባም። የአሜሪካና የካናዳ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበራት በ2011 ባወጡት የጋራ መግለጫ ለልጆችና ለታዳጊዎች ቦክስን እንደሚቃወሙ ያስታወቁትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሆን ብሎ ጭንቅላት መምታትን የሚሸልም ስፖርት ለልጅ አይሆንም ብለዋል። ትክክል ናቸው።

ቴኳንዶ በጁዶና በቦክስ መካከል ይገኛል። በስልጠና ጊዜ ልጁ ብቻውን የሚሠራው የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተልና ትራስ ላይ የሚያሳርፈው ርግጫ ጉዳት የለውም፤ ሚዛኑንና ቅልጥፍናውን ያሳድግለታል። ችግሩ የሚመጣው በግጥሚያ ነው። በዓለም አቀፉ የውድድር ሕግ ደረትና ሆድ ላይ ያረፈ ርግጫ 2 ነጥብ ሲያሰጥ፣ ጭንቅላት ላይ ያረፈው 3፣ ዞሮ የተመታው ደግሞ 5 ያሰጣል። ይህን ሕግ ለስምንት ዓመት ልጅ ማስተማር የጓደኛህን ጭንቅላት ፈልገህ ምታ ማለት ነው። ለትንንሾቹ ጭንቅላት መርገጥ እንደሚከለከል በግልጽ የሚናገር አሠልጣኝ ያለበትን ክለብ መምረጥ የወላጅ መብት ነው፤ መጠየቅም ነውር የለውም።

ጁዶም ቢሆን በመጥፎ እጅ ከገባ ይገድላል። የጁዶ አገር የሆነችው ጃፓን ይህን በልጆቿ ሕይወት ተምራዋለች። ከ1983 ጀምሮ በነበሩት ሠላሳ ዓመታት ግድም በትምህርት ቤት ጁዶ ከ110 በላይ ተማሪዎች ሞተዋል፤ ብዙዎቹ በጭንቅላት ጉዳት ነው። ከሟቾቹ መካከል አወዳደቅ ሳይለምዱ ከበረቱት ጋር የተጋጠሙ ጀማሪዎች ነበሩ። ጉዳዩ ለሕዝብ የወጣው የሟች ቤተሰቦችና ተመራማሪዎች ስለጮሁ ነው። በ2022 ደግሞ የጃፓን ጁዶ ፌዴሬሽን ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚያደርገውን አገር አቀፍ የግል ሻምፒዮና ሰረዘ። ልጆች ኪሎ እንዲቀንሱ ይገደዱ ነበር፤ አሠልጣኞችና ወላጆችም ከዳር ሆነው በዳኛው ላይ ይጮሁ ነበር። ፌዴሬሽኑ ልጆቹ ጁዶን እንዳይተዉ ሻምፒዮናውን መተው መረጠ። ከዚህ የበለጠ የሚያሳምን ምስክር ማግኘት ይከብዳል፤ ጃፓን በጁዶ ወርቅ የጠማት አገር አይደለችምና። ዕድሜው 12 ላልሞላ ልጅ ክለቡ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር የሚደረግ ወዳጃዊ ግጥሚያ ይበቃዋል። ኪሎ ለመቀነስ ምግብ የሚከለከል ልጅ ካለ ወላጁ በዚያው ቀን ከዚያ ክለብ ሊያወጣው ይገባል።

በታይላንድ የሆነው ደግሞ የመጨረሻው ጫፍ ነው። በኖቬምበር 2018 በታይ ቦክስ ግጥሚያ ጭንቅላቱን የተመታ የ13 ዓመት ልጅ ሞተ። ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ 170 ያህል ጊዜ ተጋጥሟል።

ፍልሚያ ልጅን ጨዋ ያደርጋል ወይስ ጠበኛ? ጥናቶቹ በሁለቱም በኩል ይናገራሉ። በ1986 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ጠበኛ ታዳጊዎችን ከፋፍሎ፣ አንዱን ቡድን አክብሮትንና ራስን መግዛትን ጨምሮ ሙሉውን ባህላዊ ቴኳንዶ አስተማረ፤ ሌላውን ምቱንና ርግጫውን ብቻ። የመጀመሪያው ቡድን ረጋ፣ ሁለተኛው ባሰበት። በ2005 የታተመ የኖርዌይ ጥናትም ቦክስ፣ ክብደት ማንሳትና የመሳሰሉትን የኃይል ስፖርቶች የጀመሩ ታዳጊ ወንዶች ከስፖርቱ ውጭም ጠበኝነታቸው እንደጨመረ አመለከተ። ከሁለቱ የሚወጣው ትምህርት የስፖርቱ ስም ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን ነው። ምንጣፉ ላይ የሚቆመው ሰው ምን እንደሚሸልምና በምን እንደሚቆጣ ማየት ያሻል። ወላጅ ሁለት ሦስት ትምህርት ከዳር ተቀምጦ ቢያይ ይህን ለማወቅ ዕብራይስጥ አያስፈልገውም፤ የወደቀው ልጅ ሲያለቅስ አሠልጣኙ ምን እንደሚያደርግ ማየት ይበቃል።

በኢትዮጵያውያን ቤት ደግሞ ጥያቄውን የሚያከብድ አንድ ጉዳይ አለ። በቆዳው ቀለም የተሰደበ ልጅ ከትምህርት ቤት እያለቀሰ ሲመለስ፣ አባት «ራሱን ይከላከል» ብሎ ወደ ክለብ ይወስደዋል። ስሜቱ እውነት ነው። ቂርያት መላኪ በ2012 ነዋሪዎች ለኢትዮጵያ ተወላጆች ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት ተስማምተዋል መባሉ ሕዝቡን ለሰልፍ ያወጣባት ከተማ ነችና ስድቡ ከየት እንደሚመጣ ለማንም አይነገርም። ነገር ግን ልጁ መንገድ ላይ የሚሰነዝረው ቡጢ ከሌላው ልጅ ቡጢ በላይ ዋጋ ያስከፍለዋል። የኢትዮጵያ ተወላጆች በ2015 ያደረጉትን ተቃውሞ ተከትሎ የተቋቋመው የመንግሥት ኮሚቴ፣ የፓልሞር ኮሚቴ፣ በ2016 ባቀረበው ሪፖርት ፖሊስ ለኢትዮጵያ ተወላጆች ያለው አያያዝ አድልዎ እንዳለበት አምኗል። ስለዚህ ከክለቡ ይዞት መምጣት ያለበት ቀና ብሎ መሄድን፣ ሲገፉት አለመውደቅን፣ ሲያዝ አስለቅቆ መራቅን ነው። ስድቡን የማስቆም ኃላፊነት የትምህርት ቤቱ ነው፤ ያንን ሸክም የሰባት ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ መጫን ግፍ ነው።

በሕግ በኩል የ1988ቱ የእስራኤል የስፖርት ሕግ አሠልጣኝ የሙያ የምስክር ወረቀት እንዲኖረው፣ ተወዳዳሪዎች የሕክምና ምርመራ እንዲያደርጉና መድን እንዲገባላቸው ያዛል። ወረቀቱ ይታይ፣ ግልባጩም ይጠየቅ። የጤና ቅጹ የሚሞላው በዕብራይስጥ ስለሆነ በብዙ ቤት ታላቅ እኅት ታነበዋለች፤ እናት ግን ልጇ ከዚህ በፊት ራሱን ስቶ ወድቆ እንደሆነ፣ አስም ወይም የሚጥል በሽታ እንዳለበት ራሷ ተናግራ ማስጻፍ አለባት። ልጅቷ ላታውቀው ትችላለችና።

የሕፃናት ሐኪሞቹ ማኅበራት ቦክስን ለታዳጊም ቢቃወሙም፣ አሥራ አራት ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ልሞክር ካለ ጉዳዩ መልኩን ይቀይራል። አንገቱ ከትንሽነቱ ይልቅ ጠንክሯል፣ የሚመርጠውን ነገር አደጋም ሊረዳ ይችላል። ያኔም ቢሆን ከረጢት መምታት፣ ገመድ መዝለልና የእግር እንቅስቃሴ ይቀድማሉ፤ ከሰው ጋር መለማመድ ቀስ ብሎ፣ በቀላል እጅና በአሠልጣኝ ዓይን ሥር ይከተላል። ጭንቅላቱን ተመትቶ ራሱን ያመመው፣ ያዞረው፣ ያስመለሰው፣ የሆነውን የረሳ ወይም የፈዘዘ ልጅ በዚያው ቀን ወደ ምንጣፉ አይመለስም። ምልክቱ ከባሰ ወይም ሊቀሰቀስ ካልቻለ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰዳል። ቀለል ያለ ቢመስልም የኩፓት ሆሊሙ (የጤና መድን ድርጅቱ) ሐኪም ሳያየውና ሳይፈቅድለት ግጥሚያ አይጀምርም። ልጆች ከቡድን ላለመቅረት ሕመማቸውን ይደብቃሉና ማታ ቤት ሲገባ ደግሞ መጠየቅ የእናትና የአባት ፈንታ ነው።